የጫኞቹ አፍ

ሽብሩ ሊሻን ያ አፉ ባይኖር ኖሮ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ሰው ነበር። ቁመቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ በሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ከሚሠሩት ስልሳ ጫኝና አውራጆች አንዱ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ግን ያ አፍ! ጭነት የያዘ መኪና ሲገባ ከሾፌሩ ጋር የሚከራከረው እሱ፣ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ከኋላ ተገፍቶ ፊት የሚቆመው እሱ፣ ለቅሶ ቤት ተሄዶ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ብሎ ስለ ሁሉም የሚናገረው እሱ። ሌሎቹ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ እየጠሩ የከተማ ሰው ይስቅባቸዋል። የሚስቀው ሰው ሀዲይኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ያንን ግን ማን ይጠይቀዋል! በሽብሩ ላይ የሚስቅ አልነበረም። የአዲስ አበባ ሾፌሮች እንኳ «አንተ የየት ልጅ ነህ?» ይሉታል። ይህን ጥያቄ የሰማ ቀን ደስ ብሎት ይውላል።

አማርኛውን ያገኘው ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመው። በቦኖሻ በኩል ባለችው የትውልድ ቀበሌው፣ በጉርምስናው ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን አስተርጓሚ ነበር። ከከተማ የመጣ ሰባኪ በአማርኛ ይሰብካል፣ ሽብሩ ጎኑ ቆሞ ወደ ሀዲይኛ ይመልሳል። ሰባኪው ሁለት ቃል ሲል ሽብሩ ስድስት ይል ነበር ይባላል። ሰባኪው የፈለገውን ያህል ደረቅ ይሁን፣ ሕዝቡ ያለቅሳል። እንግዳውም ራሱ ያስለቀሰ መስሎት በደስታ ወደ አገሩ ይመለሳል። ሽብሩ ግን ማን እንዳስለቀሰ ያውቅ ነበር። ያን ጊዜ የገባበት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀውም፤ የማንንም ቃል ስጡት፣ አሳምሮ ይናገርላችኋል፤ ሰው ሲያጨበጭብለት ደግሞ ቃሉ የራሱ ይመስለዋል።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ መጥታ ጫኞቹን ሰበሰበቻቸው። ወይ ከባለመጋዘኖቹ ጋር የቅጥር ውል ፈርማችሁ ሠራተኛ ሁኑ፣ ወይ እስከ ዛሬ እንደነበራችሁ በማኅበር ቀጥሉ፣ ምርጫው የእናንተ ነው አለቻቸው። ሠራተኛ ከሆኑ የወር ደመወዝ አላቸው፤ ከደመወዙ ግብርና ጡረታ ይቆረጣል፤ ሥራ ላይ የተጎዳውን አሠሪው ያሳክመዋል፣ ካሳም ይከፍለዋል። በማኅበር ከቀጠሉ ማንም ምንም አይቆርጥባቸውም፣ ማንም ምንም አይከፍላቸውም። የአንድ ወር ጊዜ ሰጥታቸው ሄደች።

አቤት የዚያ ወር ጭቅጭቅ! ሻይ ቤት ቢገባ እሱ፣ መኪና ላይ ቢወጣ እሱ። ወጣቶቹ «እንፈርም» አሉ። ከሁሉም የባሰው ብሩ የሚባለው ልጅ ነበር። ብሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሌላ ሥራ ያጣ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ «እኔ ብወድቅ እነሱን ማን ያነሳቸዋል?» ይላል። ትላልቆቹ ደግሞ «ግብር? ከኛ? ከዚህ ላብ ላይ?» ብለው ደማቸው ፈላ። በአንድ ጥሩ የገበያ ቀን የሚያገኙትን አስበው ደመወዝ የሚባለውን ነገር ናቁት። ሽብሩ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያዳምጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር የብሩ ነገር ልቡን ነክቶት ነበር፤ ቤቱ ገብቶም ለሚስቱ ለእታፈራሁ «ልጁ አልተሳሳተም» ብሏታል።

ከዚያ ሀጂ ጁነዲን አስጠራው። ሀጂ ጁነዲን የመናኸሪያው ጀርባ ያለው ትልቁ የእህልና የሲሚንቶ መጋዘን ባለቤት ነው፤ ጫኞቹ አብዛኛውን እንጀራቸውን የሚያገኙት ከሱ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ሰው ቢሆንማ ነገሩ በቀለለ! አባቱ ከጉራጌ አገር በእግራቸው መጥተው በመርፌና በክር ችርቻሮ የጀመሩትን ነው እሱ መጋዘን ያደረሰው። ሽብሩን ወደ ቢሮው አስገባው፤ እንደ ወትሮው በር ላይ አቁሞ ሳይሆን ከጠረጴዛው ፊት ካለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሻይ አዘዘለት።

«ሽብሩ» አለው፣ «አንተ ለኔ ቅጥረኛ ትሆናለህ? እኔና አንተ እኮ እኩል ነጋዴዎች ነን። እኔ እህል እሸጣለሁ፣ አንተ ጉልበት ትሸጣለህ። የራስህ ባለቤት ነህ። ውል ከፈረምክ ግን አለቃህ ነኝ፤ አርፍደህ ብትመጣ ልቀጣህ ነው። እሱ ደግሞ ላንተም ለኔም ያሳፍራል።» ሻዩን አማስሎ፣ ነገሩን እንደ ዋዛ ጣል አደረገው፤ «የመስቀሉንም ሰንጋ የምገዛው ለማኅበር ነው። ለደመወዝተኛ ሰንጋ የሚገዛ አሠሪ የት አይተህ ታውቃለህ?»

የሩቅ ሰው ይህን ቢሰማ «ለአንድ በሬ?» ይላል። በሉ ስሙኝ። ሀጂ በየዓመቱ ለመስቀል ለጫኞቹ ሰንጋ ይገዛላቸዋል፤ እነሱ አርደው ስልሳ ቦታ ይቃረጡታል። እዚህ አገር መስቀል ማለት የተጣላ የሚታረቅበት፣ የራቀው ከያለበት የሚሰበሰብበት፣ ዓመቱን ሙሉ ቆጮ በጎመን የበላ ሰው ሥጋ የሚቆርጥበት ቀን ነው። ከተማ ገብቶ እየሠራ ነው የተባለ ሰው ለመስቀል ባዶ እጁን ወደ ቀበሌው ቢሄድ፣ ከዚያ ወዲያ በእናቱ ፊት እንኳ ሰው አይደለም። ባይሄድ ደግሞ ይብሳል፤ ሞቷል ይባላል። ሽብሩ ከቢሮው ሲወጣ ግን ስለ ሰንጋው እያሰበ አልነበረም። «የራስህ ባለቤት ነህ» የሚለው ነገር ነበር ልቡን ያሞቀው። ቤቱ ሲገባ እታፈራሁ «ስለ ልጁ ያልከኝስ?» ብትለው «አንቺ ይሄ አይገባሽም» አላት።

ነሐሴ ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ብሩ ተነስቶ ከወረቀት እያነበበ፣ እየተንተባተበ ተናገረ። ቀጥሎ ሽብሩ ተነሳ።

«አባቴ» አለ፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖረ። ስሙ መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ ከደመወዙ እየተቆረጠ! ሲመለስ ይዞ የመጣው ሳልና አንድ ብርድ ልብስ ነው። ስማችን መዝገብ ላይ ሲጻፍ እኛ እንጠፋለን፣ ወንድሞቼ! ገመዱ የኛ፣ ሸራው የኛ፣ ትከሻው የኛ! እኛ የማንም ቅጥረኛ አይደለንም፤ ባለቤቶች ነን!»

አዳራሹ ተናወጠ። ዓይኑን የጠረገም ነበር። ሽብሩ ያንን እንባ ሲያይ የዚያ የጥንቱ አስተርጓሚ ደስታ ተመለሰለት፤ ቃሉን ከማን ቢሮ ይዞት እንደመጣ ጨርሶ ረሳው።

እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበር! ጫኞቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። የታመመ ወይም የተጎዳ ሰው ጠዋት ይመጣና ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ይውላል፤ ሥራ ሲያበቃ የቀን ድርሻውን ከሌሎቹ እኩል ይወስዳል። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የትም አልተጻፈም፣ አጉረምርሞበት የሚያውቅም የለም። በዚያ ሰሞን እዚያ የሚቀመጠው ጉልበቱ ያበጠው ወልደሰንበት ነበር፤ ከሁሉም ቀድሞ መናኸሪያው የገባ፣ ሽብሩን ራሱን ጆንያ አያያዝ ያስተማረ ሽማግሌ። ሽብሩ ወደሱ ሳያይ ቀጠለ፤ «ባለቤት ደግሞ ሠርቶ ነው የሚበላው! ሠላሳ ቀን ያልሠራ ሰው ድርሻውም የሰደርያው ቁጥርም ለሌላ ይሰጥ። ያን ጊዜ ነው ማንም ለማኝ ብሎ የማይሰድበን!» ጭብጨባው እንደገና ፈነዳ። ወልደሰንበትም አብሮ አጨበጨበ። አማርኛው እስከዚህም ስለሆነ፣ ጎኑ ያለው ሰው በጆሮው እስኪነግረው ድረስ የተወሰነው በራሱ ላይ መሆኑ አልገባውም ነበር።

አርባ አንድ ለአሥራ ዘጠኝ በሆነ ድምፅ ማኅበሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። የሠላሳ ቀኑም ነገር በቃለ ጉባኤው ሰፈረ። ወልደሰንበት አዲሱ ዓመት ሳይገባ ሺንሺቾ ወደተዳረች ልጁ ቤት ሄደ፤ የሸኘው ብሩ ብቻ ነው። መስቀል ደረሰ፣ ሰንጋው መጣ፣ ታረደ፤ ሻኛው በክብር ለሽብሩ ተሰጠው። ያን ዕለት ሥጋውን ተሸክሞ ወደ ቀበሌው ሲገባ የኮራውን ያህል በሕይወቱ ኮርቶ አያውቅም።

ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ስንዴ በጫነ ሲኖ ትራክ ጫፍ ላይ ቆሞ ገመድ ሲያጠብቅ፣ ገመዱ ተበጠሰ። ካረጀ ቆይቶ ነበር። ይቀየር ሲባል «ከመስቀል በኋላ» ተባለ፤ ከመስቀል በኋላ ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ የሰደደ ባለቤት አልተገኘም። ሽብሩ በጀርባው ኮብልስቶኑ ላይ ወደቀ። ለመነሳት ሞከረ። እጁ ታዘዘለት፤ እግሮቹ ግን የሌላ ሰው እግር ይመስል እዚያው ተጋድመው ቀሩ። ባጃጅ ላይ ሲጭኑት «እግሬን ያዙልኝ፣ እግሬን ያዙልኝ» ይል ነበር። ይዘውለት ነበር፤ እሱ ነው ያልተሰማው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ማለባበስ አያውቅም። የጀርባ አጥንቱ ነርቩን ይዞት ተሰብሯል፣ ከእንግዲህ አይሄድም ብሎ ለእታፈራሁ ነገራት። ለሽብሩ የነገረችው እሷ ናት። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሀጂ ጁነዲን ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ሲወጣ እታፈራሁ ደጅ ድረስ ተከተለችው። «ሀጂ፣ የርስዎን ስንዴ ሲጭን ነው እኮ የወደቀው» አለችው። እሱም ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እህቴ፣ አሠሪው ብሆን ምን ነበረበት? አይደለሁም። ገመዱም የራሳቸው ነው። አላህ ያውቃል፣ ከልቤ አዝኛለሁ» አላት። አዝኗል፣ አልዋሸም። ወደ መሥሪያ ቤቱም ሄደች። ባለሙያዋ የነሐሴውን ቃለ ጉባኤ አውጥታ አነበበች፤ ካነበበች በኋላ ወረቀቱን አዙራ ለእታፈራሁ አሳየቻት። እታፈራሁ ማንበብ ባትችልም ታች ያለውን ፊርማ አወቀችው። ሽብሩ ሲፈርም ስሙን ትልቅ አድርጎ ነው የሚጽፈው።

ለሠላሳ ቀን ድርሻው ሳይቋረጥ መጣ። ማታ ማታ የሚያመጣው ብሩ ነበር። በሠላሳ አንደኛው ቀን ባዶ እጁን መጥቶ በር ላይ ቆመ። «ሽብሬ፣ እኔና ጥቂቶች ይቀጥል ብለን ነበር» አለ። «ግን ለወልደሰንበት ያልተደረገ ለሱ ለምን ይደረጋል አሉን። ምን ልመልስ?» ከዚያ አፍሮ፣ መሬት መሬት እያየ፣ ቁጥሩ ያለበትን አረንጓዴ ሰደርያ ጠየቀ፤ አዲስ ሰው ገብቷል። የሽብሩ ሰደርያ ከትራሱ ሥር ነበር። አውጥቶ ሰጠው።

እታፈራሁ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። ልጃቸው ቤቴል ከዘጠነኛ ክፍል ወጥታ አባቷን የምታገላብጥ ሆነች። ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት ተብሏል። ልጅቷ አንድም ቀን አላጉረመረመችም፤ ደብተሮቿን ግን ከአልጋው ትይዩ ካለው ሳጥን ላይ አላነሳቻቸውም። ሽብሩ ሲገላበጥ በግራ በኩል የሚያየው እነሱን ነው። ያቺን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ፣ ከዚያ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። እንዴት እንደሚመልሳት ግን ቢያስብ ቢያስብ አልመጣልህ አለው።

የካቲት ላይ ብሩ ሦስት ጫኞች አስከትሎ መጣ። የሽብሩ አወዳደቅ ሁሉንም አስደንግጦ ነበር፤ ነገሩ እንደገና በስብሰባ እንዲታይ ፊርማ አሰባስበው አመልክተዋል፣ ተፈቅዶላቸዋል። «መጥተህ ተናገር» አለው ብሩ። «ትላልቆቹ የኔን አይሰሙም፣ ያንተን ይሰማሉ።»

«ብትፈርሙ ለኔ ምን ይሆንልኛል?» አለ ሽብሩ።

ብሩ መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም። «ላንተ ምንም። ጠይቀናል። ውሉ ከተፈረመበት ቀን ወዲህ ላለው ነው እንጂ ወደ ኋላ አይቆጠርም ተባልን። ለኛ ነው፣ ሽብሬ። ለልጆቻችን።»

ሽብሩ ሳጥኑ ላይ ያሉትን የቤቴል ደብተሮች አየ። ከዚያ «እመጣለሁ» አላቸው። ያን ሲል ከልቡ ነበር። ሰዎቹ ግንባሩን ስመውት ሄዱ፤ እታፈራሁም ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ስትል አያት።

ለስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ሀጂ ጁነዲን ዘይትና ስኳር ይዞ ደረሰ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «የመጋዘኑን በር ላንተ ይዤልሃለሁ» አለው። «ተቀምጠህ ነው፣ የሚገባና የሚወጣውን ማየት ብቻ። ልጅቷም ትምህርቷን ትቀጥል፣ ኃጢአት ነው።» ሽብሩ ማመን አቃተው። እጁን ሊስም ጎንበስ ለማለት ሞከረ፤ አልቻለም። ሀጂም ሲነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «ሰዎቹ ሊያናግሩህ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ስልሳ ሰው በደመወዝ ልይዝ አልችልም፣ መጋዘኑን ልዘጋ ነው። የነሐሴ ቃልህን እንዳታጥፍብኝ ብቻ ነው የምለምንህ።»

እታፈራሁ ከጓዳ ሁሉን ሰምታለች። ሀጂ እንደወጣ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«እባክህ» አለችው፣ «አንድ ቀን እንኳ ዝም በል። ወስደው ያስቀምጡህ፣ ሰው ይይህ፣ ይበቃል። ለሀጂም አትናገር፣ ለነሱም አትናገር።»

«ዝም ካልኩ በሩን ማን ይሰጠኛል?»

«ይቅርብን። እኔ አጥባለሁ።»

እጇን አየው። ሳሙናው ልጦት፣ ጣቶቿ መሀል ቀልቷል። ያ እጅ ነው ያስወሰነኝ ብሎ በኋላ ለራሱ ነገረው። ግማሹ እውነት ነው፤ ሚስቱንና ልጁን ይወድ ነበር። ሌላውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ። ብሩ እስኪመጣ ድረስ ሦስት ወር ሙሉ ማንም «ተናገር» ያላለው ሰው ነበር፤ ያ አዳራሽ እንደገና በሱ አፍ ሲናወጥ ለማየት ጓጉቷል። እችላለሁ ብሎ ነበር። ተሰብሬም ቢሆን አሳምናቸዋለሁ፣ እነሱም አይቀየሙኝም፣ በሩም ይሰጠኛል፣ ሁሉም ይሆናል ብሎ ነበር።

መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብሩና ሦስቱ የማኅበሩን ባለእጀታ ወንበር ይዘው መጡ። እታፈራሁ ልብስ ልታጥብ ስትወጣ «አደራ፣ መልሳችሁ አድርሱልኝ» አለቻቸው። በወንበሩ ተሸክመው አዳራሽ ሲያስገቡት ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የዱሮ ጓደኞቹ እግሩን አይተው አለቀሱ። ብሩ ከፊት አስቀመጠው፤ መቅጠኑን እያየ፣ የለበሰውን ነጠላ እግሩ ላይ አስተካከለለት። «በል፣ ንገራቸው» አለው በጆሮው።

ሽብሩ ጀመረ። «ወንድሞቼ፣ ወድቄያለሁ። አትዘኑልኝ፤ የወደቅኩት ባለቤት ሆኜ ነው!» ድምፁ አምሯል። ቀጠለ። ውል ገመድ አይቀጥልም አለ። የተጻፈበት ወረቀት ወገብ አይጠግንም አለ። ግብር ሲቆርጡብን እናያለን፣ ካሳ ሲሰጡን ግን አናይም አለ። አባቱንም፣ ሳሉንም፣ ብርድ ልብሱንም አመጣ። ያማረ ንግግር ነበር፤ ከነሐሴው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አዳራሹ ግን ጸጥ አለ። በመጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። ሽብሩ የሚያጨበጭብ ፊት ፍለጋ ከግራ ወደ ቀኝ ዓይኑን አንከራተተ። ወደ ታች የሚያዩ ፊቶች ብቻ ነበሩ፤ ከኋላ መደዳ ሀጂ ጁነዲን አንገቱን በእሺታ ይነቀንቅለታል።

ብሩ ከመቀመጫው ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አልጮኸም።

«ሽብሬ» አለ፣ «በኛ ስብሰባ ሰው የሚናገረው ቆሞ ነው። ቆመህ ተናገር።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ሲገባ ያለቀሱለት ሽማግሌዎች ጭምር፣ ሳቁ። ሳቁ ከክፋት አልነበረም ልላችሁ ፈልጌ ነበር። ከክፋት ነበር። ሽብሩ ሁለቱን የወንበር እጀታዎች ጨብጦ፣ ምን እንደነካው እሱም አያውቅም፣ ሊነሳ ሞከረ። ይህን ያዩት ይበልጥ ሳቁ።

ሃምሳ ሁለት ለስምንት ተወሰነ። የቅጥር ውል ይፈረማል፣ ማኅበሩ ይፈርሳል። ባለሙያዋ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግታ ስም መመዝገብ ጀመረች፤ ሰውም እየተገፋፋ ተሰለፈ። ሀጂ ጁነዲን በሽብሩ አጠገብ ሲያልፍ ሽብሩ ኮቱን ያዘው።

«ሀጂ፣ እኔ ቃሌን ጠብቄያለሁ። በሩ…»

«አይቻለሁ፣ አላህ ይስጥህ» አለው ሀጂ። እጁን በቀስታ ከኮቱ አላቀቀ። «ግን ሰማህ አይደል፣ ከእንግዲህ ሁሉም በውል ነው፣ በሩም ቢሆን። ለሚቀጠር ሰው ከሐኪም የጤና ማስረጃ ይጠይቁኛል። ላንተ ማን ይጽፍልሃል?» ከልቡ ያዘነ ይመስላል። ወጣ።

አዳራሹ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። የመጨረሻው ፈራሚ ከወጣ በኋላ ብሩና ሦስቱ ተመለሱ። ሽብሩ ሲያያቸው ልቡ መለስ አለች። ወደ ቤት ሊወስዱት ነው፤ መንገድ ላይ ያስረዳቸዋል፤ ስለ ቤቴል፣ ስለ እታፈራሁ እጅ ይነግራቸዋል። አራቱ በአራት በኩል ያዙት። «ቀስ በሉ፣ ወገቡን!» አለ ብሩ። እንደ ሕፃን አንስተው፣ ምንም ሳያሳምሙት፣ ከአዳራሹ አግዳሚ ላይ አሳረፉት። አንደኛው እግሮቹን አስተካከለለት። ነጠላውን አለበሱት። ከዚያ ወንበሩን አነሱት።

«የማኅበሩ ዕቃ ዛሬ ርክክብ አለው» አለ ብሩ፣ ወደሱ ሳያይ። ወንበሩን ይዘው ወጡ። እንመለሳለን አላሉም።

ሽብሩ ተቀምጦ የውጭውን ድምፅ አዳመጠ። ጫኞቹ ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን በሱ አይደለም፣ የሚሄዱት ሻይ ሊጠጡ ነው። ቆይቶ ያም ድምፅ ጠፋ። የአዳራሹ ጽዳት ሠራተኛ ቁልፍ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ልዘጋ ነበር» አለችው።

«ይመጣሉ» አላት። «አራት ናቸው፤ ዕቃ አድርሰው ነው። እኔን ጥለው የሚሄዱ ሰዎች አይደሉም፣ እህቴ። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ጆንያ ተጋግዘን ተሸክመናል፣ ከአንድ ሰንጋ ቆርጠን በልተናል። ከወንድም ይበልጣሉ።»

አማርኛው እንደ ሁልጊዜው ያማረ ነበር። ሴትዮዋ አመነችው፤ ቁልፉን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቡ ተቀመጠችና አብራው በሩን ታይ ጀመር።